«ብርሃን» ላይ የተጨመሩት ሦስት ነጥቦች

ጫጫታ አልወድም። ፍሪጃችን ሲነሳ ፊቴን አጠቁራለሁ። በበራችን ባጃጅ ሲያልፍ ወሬዬን አቋርጬ እስኪርቅ እጠብቃለሁ፤ የማያውቀኝ እንግዳ ከሆነ የተቀየምኩት ይመስለዋል። ባለቤቴ ለምዳዋለች። «እሱ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው የሚያሰማውን ሳይቀር ይሰማል» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች። ሐሜቷ እውነት ነው። ይህን የማወራው ግን ጆሮዬን ለማወደስ አይደለም። ጆሮዬ እውነቱን በነገረኝ ቀን አፌን መዝጋቴን መናገር ስላለብኝ ነው።

ሥራዬ ደብረ ታቦር ውስጥ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞርኩ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ፋይል ሲጠፋ፣ አለቃው የይለፍ ቃሉን ሲረሳ የምጠራው እኔ ነኝ። አባቴ ይህን ሥራዬን ሳያዩ ነው ያለፉት። እሳቸው የዜማ መምህር ነበሩ። ከጎጃምም ከላስታም የመጡ ተማሪዎች በቤታችን ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ከእሳቸው ድጓ ይማሩ ነበር፤ ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል። እኔም ከተማሪዎቹ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ዜማ ቀጽያለሁ። ከዚያ ሰለቸኝና አስኳላ ገባሁ። አባቴ አልተቆጡም። ለእናቴ ብቻ «ጆሮ አለው፤ ትዕግሥት የለውም» ሲሉ ሰማኋቸው። ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ግን አብሮኝ የከረመ የለም።

ከአባቴ ድምፅ የቀረን አንድ ካሴት ነበር። ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፤ አዲስ ቴፕ ገዝተው ሲመጡ «የኔታ፣ ይኸ ድምፅ ዝም ብሎ በአየር አይቅር» ብለው ለመኗቸው። አባቴ ማሽን ፊት ማዜም አልወደዱም። ጎረቤት ማስቀየም ግን የበለጠ ይከብዳቸው ስለነበር አንድ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜሙ። ካሴቱ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ዓመታት ቆየ። በኋላ የተዋስኩት ቴፕ ላይ አድርጌ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ከዚያ የተሻለ ቅጂ ይወጣው ይሆናል ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ቴፑ ክሩን በላው። ጎትቼ ሳወጣው ተጨማዶ ተበጠሰ። አንጀቴ ነው አብሮ የተበጠሰው። የአባቴ ድምፅ ያች ኮምፒውተር ውስጥ የገባች አንድ ቅጂ ብቻ ሆነች።

ይህን ሰምተው ነው መሪጌታ ወደ ቤቴ መምጣት የጀመሩት። መሪጌታ ከአባቴ ደቀ መዛሙርት ሁሉ የሚበልጡት፣ የአባቴን ወንበር የወረሱት ናቸው። ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ ከገብስ ማሳ አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። ስድሳ አልፏቸዋል፤ ቁመታቸው ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ነበር ያሰማኋቸው። ድምፁ ሺ… በሚል ሺሺታ የተሸፈነ ነበር። እሳቸው ግን መዝሙሩ ሲጀምር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና እስኪያልቅ አላወረዱትም። ሲወጡ ነጠላው ርሶ ነበር።

ያ ሺሺታ እንቅልፍ ነሳኝ። የአባቴ ድምፅ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ የሚጣራ መሰለኝ። ባሕር ዳር ለሥራ ስሄድ ከአንድ የሙዚቃ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ያገለገለች ዳክ ገዛሁ። ዳክ ማለት የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ናት። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ሳጥኗ ቁጥሩን በዩኤስቢ ገመድ ተቀብላ መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች። ኮምፒውተሩም ይህን ሥራ በራሱ ይችላል፤ ግን ያን ሁሉ የሚርመሰመስ ኤሌክትሪክ ታቅፎ ስለሚሠራው ያበላሸዋል። ሥራውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው የዳክ ጥበቡ። ከሳጥኗ ወደ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሁለት ስፒከሮች አገናኘሁ። ሺሺታው ጠፋ። አባቴ መዝሙሩን ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

በሚቀጥለው እሑድ መሪጌታ ሦስት ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው ሲመጡ እኔ በደስታ መሬት አልነካም ነበር። ሳጥኗን፣ ገመዱን፣ ሁሉን እያሳየሁ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኳቸው።

«እንግዲህ ካሁን በኋላ በእርስዎና በአባቴ መካከል ምንም የለም።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው ቆሙ፤ ተማሪዎቹም ቆሙ። የአባቴ ጉባኤ ልማድ ነው። የኔታ ሲያዜሙ የሚቀመጥ የለም፤ የሚያስል እንኳ ውጭ ወጥቶ ነው። ከመሃል መጀመርም፣ መሃል ላይ ማቆምም ነውር ነው፤ የተሳሳተ ተማሪ የሚመለሰው ወደ ተሳሳተበት ሳይሆን ወደ መጀመሪያው ነው። እኔም ማጫወቻውን ተጫንኩና ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳረፉ።

አምስት ደቂቃ ያህል ሲሄድ «ብርሃን» የምትል ቃል አለች። እዚያ ሲደርስ መሪጌታ አገጫቸውን ከመቋሚያው አነሱ። ሌላ ምንም አላሉም። መዝሙሩ ሲያልቅ ግን «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ከመጀመሪያው ደገምኩት። እንደገና «ብርሃን» ላይ ቀና አሉ።

«ሰማችኋት?» አሉ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው።

«ርክርክ አለባት» አለ አንደኛው ቀስ ብሎ።

በዜማ መጽሐፍ ከቃላቱ በላይ ድምፁ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች ይጻፋሉ። ርክርክ አንዱ ነው። በነጥቦች ይጻፋል፤ እዚህ ድምፅህን አርገብግበው ማለት ነው። እውነትም «ብርሃን» ላይ የአባቴ ድምፅ ሦስት ጊዜ እርግብ እርግብ ብሎ ይወርድ ነበር።

«የኔታ እንዲህ ብለው አላስተማሩኝም» አሉ መሪጌታ። «ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ። እኔም ቀጥ አድርጌ ነው ይኸን ሁሉ ዘመን ያስተማርሁ።» ከዚያም «መጽሐፌን ከየኔታ መጽሐፍ የገለበጥሁት ክረምት ላይ ነው። ጎጆው ጨለማ ነበር። ነጥቦቹን ስቻቸው ይሆናል» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው።

የአባቴን መጽሐፍ ገልጦ ማየት ይቻል ነበር ትሉ ይሆናል። ገልጠናል። ያ ገጽ በዘመን ብዛት፣ በተማሪ አውራ ጣት ብዛት ቀለሙ ለቋል፤ ከ«ብርሃን» በላይ ምልክት ይኑር አይኑር ዓይን አይለየውም።

ከዚያ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጃቸው ነህ። እቤታቸው ያደገ ጆሮ ነው ያለህ። የኔታ ‹ብርሃን›ን እንዴት ነበር የሚሏት?»

አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ሲያጠልቁ ያን መዝሙር ለራሳቸው ያንጎራጉሩት ነበር፤ «ብርሃን» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ያች ቃል እስክታልቅ ጫማውን አያጠልቁም፣ እጃቸው ላይ ይዘውት ይቆያሉ። እኔ በልጅነቴ የምጠብቃት ቃል እሷ ነበረች። ጆሮዬ ግልጥ አድርጎ «ቀጥ ያለች ናት» አለኝ።

እኔ ግን ማን ነኝ? ከጉባኤ የኮበለልኩ፣ ትዕግሥት የለውም የተባልኩ ሰው ነኝ። መሪጌታ ያልደፈሩትን እኔ እንዴት ልድፈር? ይህ አንዱ ሰበብ ነው። ሁለተኛው የሚያሳፍር ነው። በእናንተ መካከል ምንም የለም ብዬ ከፎከርኩ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም ነበር።

«ማሽን አይዋሽም፣ መሪጌታ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «እንዲያ ከሆነማ…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

በሳምንቱ መጽሐፋቸውን ይዘው ሲመጡ «ብርሃን» ላይ ሦስት ቀይ ነጥቦች ተጨምረዋል። ብራናው ያረጀ፣ ቀለሙ የጠቆረ ነው፤ ነጥቦቹ ግን ትኩስ ስለነበሩ ከገጹ ሁሉ ቀድመው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «ስቼ አስተምሬያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» እንዳሏቸው ከተማሪዎቹ ሰማሁ። ያን የሚያህል ሰው ልጆቹ ፊት ተንበርክኮ ማለት ነው። እኔ ይህን ሰምቼም ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር መናገር ከቀድሞው የበለጠ ይከብደኝ ጀመር።

ነገሩ በአንዲት ቃል ቢያበቃ ኖሮ ምን ነበረበት። መሪጌታ ሌላውንም መጠራጠር ጀመሩ። በሥራ ቀን ሳይቀር ምሳ ሰዓት ላይ የምሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኛቸው ነበር። «ይኸችን የሳትሁ ሌላ ስንት ስቼ ይሆን?» ይሉኛል። ቤት ሄደን ያችኑ መዝሙር ከመጀመሪያው እንሰማለን፤ እሳቸው እያንዳንዷን ቃል ከመጽሐፋቸው ጋር ያስተያያሉ። በዓል ላይ መዝሙሩን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ለሌላ እየለቀቁ ከኋላ መቆም ጀመሩ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «መሪጌታ ምን ሆነዋል? ከስተው የሉ እንዴ?» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ የመጨረሻው መጣ። መሪጌታ ጉባኤያቸውን ሊያጥፉ ነው ተባለ። ለመስቀል ተማሪዎቹን ወደ ሌላ መምህር ሊሰዷቸው ቆርጠዋል። ከተማሪዎቹ ብሰማም ላምን አልቻልኩምና ራሳቸውን ጠየቅኳቸው።

«የኔታ አደራ ብለው የሰጡኝን አጉድያለሁ» አሉኝ። «የጎደለ አደራ ለልጅ አይሰጥም። ከእኔ የተሻለ ይፈልጉ።»

የአባቴ ወንበር ሊዘጋ ነው። የሚዘጋው ደግሞ እኔ ባመጣኋት ሳጥን ነው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ ድንች ልትገዛ ገበያ ወርዳለች። በረዶ ጣለና ቆርቆሮውን ደበደበው፤ እሱ እስኪያባራ ጠብቄ የአባቴን መዝሙር ከፈትኩ። የከፈትኩት ልመራመር አልነበረም። ዝም ብሎ ከፍቶኝ ነበር። ልማዱን ትቼ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ዝንብ መጥታ ስክሪኑ ላይ፣ ልክ የመዝሙሩ ርዝመት የሚቆጠርበት ቦታ ላይ አረፈች። እሷን ለማባረር እጄን ስዘረጋ ማውሱን ነካሁት። መዝሙሩ ቀጠለ፤ «ብርሃን» መጣች፤ ቀጥ ብላ ሄደች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሳላዳምጥ ቀርቼ ነው የሚል ነበር። ከመጀመሪያው ደገምኩት፤ ምንም ሳልነካ። «ብርሃን» ረገበገበች። እንደገና ደገምኩት፤ አሁን ቃሏ ከመድረሷ በፊት ማውሱን ነካሁ። ቀጥ አለች። አራተኛ ጊዜ እጄን አጣጥፌ፣ ዓይኔን ኮምፒውተሩ ላይ ተክዬ ጠበቅኩ። «ብርሃን» ስትባል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጨለመ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት የአባቴ ድምፅ ሦስት ጊዜ እርግብ አለ።

ጉዱ ይኸው ነበር። ኮምፒውተሩ አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ካልነካው ስክሪኑን አጥፍቶ ጉልበት እንዲቆጥብ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። ዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አያመጣም፤ ሳጥኗ የምትሠራበትን ኤሌክትሪክም ያመጣል። ስክሪኑ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ይናወጣል፤ ንውጡ በገመዱ አድርጎ ሳጥኗ ውስጥ ይገባል፤ እሷም ድምፁን ትቆራርጠዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ወሬ እያወራ፣ ማውስ እየነካካ ይሰማና ንውጡ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይወድቃል፤ ብልሽት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። እኛ ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ ሁልጊዜ እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን። ስለዚህ ሁልጊዜ «ብርሃን» ላይ ይጨልማል። ክብራችን ነው ያሳሳተን። ስክሪኑ ሲጨልም እንዴት አላያችሁም የሚል ቢኖር፣ የአባቴ ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ነበር የምንጥል።

በዚያው ቅዳሜ ሮጬ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልላቸው ነው? «ማሽን አይዋሽም» ያልኩ ሰው «ዋሽቷል» ብዬ ብመጣ ማን ያምነኛል? ኮምፒውተሩን ስክሪንህን አታጥፋ ብሎ ማዘዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያ ግን ነገሩን መደበቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም፤ ንውጡ እዚያው ገመዱ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። መደበቅ በቅቶኝ ነበር። ስክሪኑ እየጠፋ ድምፁ እንዳይነካ ማድረግ ፈለግኩ።

ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅዬ ላፕቶፑን በባትሪ ብቻ አስኬድኩት፤ ከግድግዳው ይመጣ የነበረው ጥዝዝታ ጠፋ፤ እርግብግቡ ግን አለ። ገመዱ ሦስት ሜትር ነበር፤ ተጠቅልሎ ከኤክስቴንሽኑ ጋር ተኝቷል። በስንዝር ገመድ ተካሁትና አራቅኩት። ከአሮጌ ሞኒተር ገመድ ላይ ንውጥ ታፍናለች የምትባለውን ጥቁር የብረት ቀለበት አውልቄ አደረግኩለት። እርግብግቡ ከሦስት ወደ ሁለት የወረደ መሰለኝ፤ ምናልባትም ምኞቴ ነው የወረደው። ያን ሰሞን ቤታችን የሰፈር ጋራዥ መስሎ ነበር። ባለቤቴ «የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከሽቦው ጋር?» አለችኝ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ስነግራት ግን ጠረጴዛውን ለእኔ ለቃ እህል የምትለቅመው መሬት ላይ ሆነ።

በመጨረሻ ቁጥሩን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ግን በር ላይ ያስቀረዋል የተባለ ትንሽ መሣሪያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ስሙ አይሶሌተር ነው። በኮምፒውተሩና በሳጥኗ መካከል ይገባል። ሳጥኗ የራሷን ኤሌክትሪክ ከስልክ መሙያ ባትሪ እንድታገኝ አደረግኩ። ከኮምፒውተሩ የምትቀበለው ቁጥሩን ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ማጫወቻውን ተጭኜ ራቅ ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ ሞላ። ስክሪኑ ጨለመ። «ብርሃን» ቀጥ ብላ፣ ምንም ሳይነካት፣ እስከ መጨረሻዋ ሄደች። ከቃሏ በኋላ አባቴ ትንፋሽ ሲወስዱ ተሰማ። ከኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ሳል ሲያፍኑ ይሰማል። ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያም ሦስት ቀን ቆየሁ። ሰበብ አላበዛም፤ ፈራሁ። መሣሪያውን ማስረዳት አላስፈራኝም። የሚከተለው ጥያቄ ነው ያስፈራኝ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ዕቃዎቹን በቦርሳ ከታ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ተማሪዎቹ ስንቅ እየቋጠሩ ነው አሉ። ሂድ እንጂ» አለችኝ።

ወደ ጋፋት የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበር። ስደርስ ተማሪዎቹ እውነትም አኩፋዳቸውን አውጥተው ያደርቃሉ፤ አንዱ የጎጆውን በር በልጥ ያስራል። መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እዚያ መብራት የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ነገሬ በባትሪ ሆኗል። ስፒከር ስላላመጣሁ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበረኝ።

ነገሩን ከዝንቧ ጀምሬ እስከ መሣሪያው ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየኝም። ስጨርስ ተነስተው ቆሙ፤ ጥምጣማቸውን ገለጥ አድርገው ማዳመጫውን እንዳደርግላቸው ጎንበስ አሉልኝ።

«አሁን መሬት አይዩ፣ መሪጌታ» አልኳቸው። «ስክሪኑን ይዩ።»

እኔ የማየው እሳቸውን ነበር። አምስት ደቂቃ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ስክሪኑ ሲጨልም ዓይናቸው ብልጭ አለ። ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ሳያወጡ «ብርሃን» አሉ፤ ቀጥ አድርገው፤ ከአባቴ ጋር እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። መዝሙሩ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ገብተው መጽሐፋቸውንና ብርዕ የሚቀርጹበትን ቢላዋ ይዘው ወጡ። አግዳሚው ላይ ዘርግተው ሦስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ፋቁ። ቀዩ ለቀቀ፤ ብራናው ላይ ግን ሦስት የነጡ ጠባሳዎች ቀሩ።

«ያን ቀን ስጠይቅህ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «ጆሮህ ምን አለህ?»

የፈራሁት መጣ። «ቀጥ ያለች ናት አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ማሽኑን አመንኩ። ደግሞም… ፎክሬ ነበር። አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሱና «እኔም ካንተ አልሻልሁ። ሠላሳ ዓመት በአፌ የያዝኋትን ለሽቦ ለቅቄ ሰጠሁ» አሉ። «እግዜር ይፍታህ።»

ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን ትተው ከበውናል። መሪጌታ በእጃቸው አመለከቷቸው።

«እኒህ ግን አልሰሙም። እኔ ብነግራቸው እንዴት ይመኑኝ? ትናንት ስቻለሁ ያልኋቸው እኔው፣ ዛሬ አልሳትሁም የምላቸው እኔው። ያንተ ማዳመጫ ደሞ የአንድ ሰው ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ በላቸው።»

«እኔ?»

«እዚህ ከእኔና ካንተ ሌላ ከየኔታ አፍ የሰማ ማን አለ? ቁም።»

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጉባኤ ከወጣሁ ወዲህ አፌን ለዜማ ከፍቼ አላውቅም። አንዱ ተማሪ መቋሚያውን አቀበለኝ፤ ተደገፍኩት። ቃሎቹ ጠፍተውብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጠፉም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ። ድምፄ ሻካራ ነው፣ ትንፋሼም አጭር ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ያውቀዋል። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። «ብርሃን» ጋ ደረስኩ። አባቴ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ፊቴ መጡ። ቀጥ ላደርጋት ጀመርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ምናልባትም አራት ጊዜ ተንቀጠቀጠና ተቋረጠ።

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ መጽሐፉን ወደ መሪጌታ ዘረጋ፤ ግራ ገብቶት፣ ልጻፈው ወይስ ልተወው የሚል ፊት ነበር።

«ተው» አሉት መሪጌታ። «ይኸ የልጁ ነው። አይጻፍም።»

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጎኔ መጥተው ቆሙ።

«በል» አሉኝ፣ «ከመጀመሪያው።»